የመኪና አምፕሊፋየር ፓወር ሰፕላይ ሲሞት፦ አዲስ ሞስፌት ከመግጠማችሁ በፊት

እንደምን አላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይደርሳችኋል? ጥሩ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ይሄን ቦርድ በቅርብ የምናይበት ሰዓት ይመጣል።

የዛሬው ጉዳያችን አንድ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ የሞተ የመኪና አምፕሊፋየር። ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አምፑ ይመጣል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ የተሰነጠቀ ሞስፌት፣ ማለትም ጅረት የሚከፍትና የሚዘጋ ትራንዚስተር፣ ይገኛል። ይነቀላል፣ አዲስ ይገጠማል፣ ባትሪ ይሰጠዋል፤ ጧ! አዲሱም ሄደ። ሌላ ይገዛል፤ ጧ! እሱም ሄደ። ለምን? ተገዳዩን እየቀየርን ገዳዩን ስለተውነው። ገዳዩ እዚያው ቦርድ ላይ ቁጭ ብሎ ቀጣዩን ይጠብቃል። ስለዚህ ዛሬ የምለምናችሁ ነገር ይቺው ናት፤ ገዳዩን ሳትይዙ አዲስ ሞስፌት አትግጠሙ። ሦስት ጊዜ ብደጋግማት አትሰልቹ፤ ሆን ብዬ ነው።

ነገሩን በአራት ከፍዬዋለሁ። አንደኛ፣ ሰፕላዩ ጤነኛ ሲሆን ምን ያደርጋል? ሁለተኛ፣ ኃይል ሳንሰጥ በቴስተር ብቻ ምን እናውቃለን? ሦስተኛ፣ ሞስፌቶቹ ተነቅለው ሳሉ ድራይቩ፣ ማለትም ሞስፌቶቹን የሚያዝዘው ክፍል፣ ደህና መሆኑን እንዴት እናረጋግጣለን? አራተኛ፣ መግጠምና ማብራት። አንደኛውን ቶሎ አልፈዋለሁ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ሥራው ያለው እዚያ ነው።

እንግዲህ አንደኛ። ሰፕላዩ ለምን አስፈለገ? ሞተሩ ሲሠራ የመኪና ባትሪ 14.4 ቮልት ገደማ ይሰጣል። በዚህ ቮልቴጅ ብቻ፣ ስፒከሩን በሁለቱም ጫፍ በሚነዳ ብሪጅ እንኳ ቢሆን፣ 4 ኦም ስፒከር ላይ ከ26 ዋት የበለጠ ንጹሕ ድምፅ አይወጣም። የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ 50 ቮልት መስመር ካለን ግን ያው 4 ኦም ስፒከር 300 ዋት ይቀበላል። 50 ቮልቱን የሚሠራው ይሄ ክፍል ነው። የባትሪው ፖዘቲቭ በግቤቱ ጥቅል አልፎ ወደ ትራንስፎርመሩ መሐል ይገባል። የመጀመሪያው ጥቅል ሁለት ጫፎች ወደ ሁለት የሞስፌት ቡድኖች ድሬን ይሄዳሉ። ድሬን ጅረቱ የሚገባበት እግር ነው፤ የሚወጣበት ሶርስ፣ የሚከፍትና የሚዘጋው ደግሞ ጌት ይባላል። ሶርሶቹ ማሳ፣ ማለትም የባትሪው ኔጌቲቭ፣ ላይ ናቸው። አይሲው፣ ማለትም መቆጣጠሪያው ቺፕ፣ አንዱን ቡድን ሲከፍት ሌላውን ይዘጋል፤ በየተራ፣ በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ። አይሲው ብዙ ጊዜ ቲኤል494 ነው፤ ወይም በፒን ከእሱ ጋር የሚመሳሰለው ኬኤ7500።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛው፣ አንዱ ቡድን ሲከፈት የሌላው ድሬን ወደ ባትሪው እጥፍ ይወጣል። ባትሪው 14 ከሆነ ድሬኑ 28 ነው፤ በላዩ ላይ የሚዘልል ስፓይክ አለ። የ55 እና የ60 ቮልት ሞስፌት የሚመረጠው ለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ ይሄኛው ይበልጣል፤ ሪሞት ሽቦው፣ ማለትም ከቴፑ የሚመጣው የማብሪያ ትእዛዝ፣ ይኑርም አይኑር የባትሪው ፖዘቲቭ ድሬኑ ላይ አለ። ሪሞት የሚቀሰቅሰው አይሲውን ብቻ ነው።

ይቺን ካወቅን ክዳኑን ሳንከፍት ግማሹን መንገድ ሄድን ማለት ነው። ባለቤቱን ጠይቁት፤ ፊውዙ የሚሄደው መቼ ነው? ሪሞት ሳይገናኝ፣ ባትሪው ገና ሲነካ ከሄደ በባትሪና በማሳ መካከል ቀጥታ መንገድ ተከፍቷል። ወይ ሞስፌት ሾርት ነው፣ ማለትም ውስጡ ተገናኝቷል፣ ወይ የፖላሪቲ መከላከያው ዳዮድ፣ አልፎ አልፎም የግቤቱ ካፓሲተር። ሪሞት ሲሰጠው ብቻ ከሄደ ግን ሰፕላዩ ነቅቶ ከበድ ያለ ነገር አጋጥሞታል፤ ሾርት የሆነ ሬክቲፋየር (የትራንስፎርመሩን ውፅዓት ወደ ዲሲ የሚለውጠው ዳዮድ)፣ ሾርት የሆነ የድምፅ ውፅዓት ትራንዚስተር፣ ወይም የታመመ ድራይቭ። ፊውዙም ሳይሄድ መብራቱም ሳይበራ ቀረ? ያ ቀላሉ ነው፤ አይሲው ኃይል አልደረሰውም፣ ወይም ፕሮቴክሽን፣ ማለትም የመከላከያው ክፍል፣ ይዞታል።

አንድ ነገር ላክል፤ ባለቤቱ በ30 አምፔሩ ፊውዝ ፋንታ 80 ገጥሞ እንደሆነም ጠይቁ። አዎ ካለ የመዳብ መስመሮቹን አንድ በአንድ በብርሃን አሳዩ፤ ፊውዝ ያላስቆመውን ቦርዱ አስቁሞታል።

ሁለተኛው ነጥብ። ቴስተር ከማንሳታችሁ በፊት ካፓሲተሮቹን አራግፉ። ፖዘቲቭ 50 እና ኔጌቲቭ 50 ማለት በሁለቱ መስመሮች መካከል 100 ቮልት ነው፤ እጅ ይመታል። በካቻቪቴ አታጋጩ። 100 ኦም 5 ዋት ሬዚስተር በሁለት ሽቦ አዘጋጁና ከእያንዳንዱ መስመር ወደ ማሳ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ያዙት።

ቀጥሎ ዓይንና አፍንጫ። የግቤቱ ካፓሲተሮች፣ ብዙ ጊዜ 16 ቮልት የሆኑት፣ ጫፋቸው አብጧል? ሥራቸው እርጥብ የቅባት እድፍ የሚመስል ነገር አለ? ከካፓሲተር የፈሰሰ ኤሌክትሮላይት ነው። መዳቡን አረንጓዴ ያደርጋል፣ በአይሲውና በትንንሾቹ ድራይቨር ትራንዚስተሮች እግር መካከልም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ስንቱ ባለሙያ አይሲ እየቀየረ የሚደክመው በዚህ እድፍ ነው! ካፓሲተሮቹን አንሱ፣ በአይሶፕሮፒል አልኮልና በብሩሽ እጠቡ፣ አድርቁ፤ ከዚያ ለኩ።

ከኃይል መግቢያው አጠገብ ወፍራም ጥቁር ዳዮድ ታገኛላችሁ፤ መስመር ያለበት ጫፉ ወደ ፖዘቲቭ ነው። ባትሪ ተገልብጦ ሲታሰር ራሱን የሚሠዋው እሱ ነው። አንድ እግሩን አንሱና ለኩት። ሾርት የሆነው እሱ ብቻ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ እሱን ቀይራችሁ የቀረውንም መርምራችሁ ትጨርሳላችሁ።

አሁን ወደ ሞስፌቶቹ። እስቲ ቅረቡ፤ ቦርዱን አይታችሁ ተከተሉኝ። ስምንት ናቸው፤ አራት በዚህ ወገን፣ አራት በዚያ ወገን። ጽሑፉ ወደ እናንተ ሲሆን ከግራ ጌት፣ መሐሉ ድሬን፣ ቀኙ ሶርስ። የጀርባው ብረትም ድሬን ነው። ቴስተሩን ድሬንና ሶርስ ላይ ሳደርገው ስምንቱም ሾርት ይላሉ። ስምንቱም ሞተዋል ማለት ነው? አይደለም! የአንድ ቡድን አራቱ ድሬንና ሶርሳቸው በመዳብ የተገናኘ ነው። ሁለቱ ቡድኖችም በትራንስፎርመሩ ጥቅል በኩል ይገናኛሉ፤ የጥቅሉ ኦም ደግሞ ለቴስተር ዜሮ ነው። አንዱ ሲሞት ሁሉም የሞቱ ይመስላሉ።

ታዲያ ሟቹን እንዴት እንለየው? በጌቱ። ጌቶቹ በቀጥታ አይገናኙም፤ እያንዳንዱ የራሱ ሬዚስተር አለው፤ 47 ኦም፣ 100 ኦም፣ እንደ ቦርዱ። ጥቁሩን ገመድ ማሳ ላይ አድርጋችሁ በቀዩ ጌቶቹን ብቻ፣ እግሩ ራሱ ላይ፣ በየተራ ንኩ። የመጀመሪያው 1,200፣ ሁለተኛው 1,200፣ ሦስተኛው 2 ኦም፣ አራተኛው 1,200 ቢላችሁ ሟቹ ማን ነው? ሦስተኛው፤ ልክ ናችሁ። ቁጥሩ ከቦርድ ቦርድ ይለያያል፤ የምትፈልጉት ከወንድሞቹ የተለየውን ነው። ሁሉም ዝቅ ካለም ከሟቹ የሚርቁት በየሬዚስተራቸው ልክ ነው፤ 2 ኦም የሚለው ሞቷል፣ 96 የሚሉት በሁለት 47 አልፈው እሱን እያዩት ነው።

ሟቹን ስታወጡ እግሮቹን ቆርጣችሁ አንድ በአንድ ሳቡ። ሦስቱን አንድ ላይ እናንሳ ስትሉ የመዳቡ ክብ አብሮ ይነሣል። ወፍራሙ የማሳ መዳብ ሙቀት ይጠጣልና 30 ዋት ካውያ አይበቃውም፤ 60 እና ከዚያ በላይ ያዙ።

አንዱ ብቻ ሾርት ከሆነ ሌሎቹን እንተዋቸው? እኔ አልተውም። አንዱ ሲሞት ወንድሞቹም ተጎድተው ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ደህና ቢለኩ የነገው አይታወቅም። ቢያንስ የዚያን ቡድን፣ አቅም ካለ ስምንቱንም፣ በአንድ ዓይነት ቀይሩ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚዘላት ነገር አለች። ሞስፌት ሲሞት ብዙ ጊዜ ድሬኑ ከጌቱ ጋር ይገናኛል። ድሬኑ ላይ ምን ነበር ብለናል? እስከ 28 ቮልት። ያ ቮልቴጅ በጌቱ ሬዚስተር በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ ድራይቨር ትራንዚስተሩን ይመታል፤ ሲብስ አይሲው ድረስ ይደርሳል። ስለዚህ የጌት ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ ለኩ። በመልካቸው አትታለሉ፤ ቀለማቸው ሳይለወጥ ኦፕን የሆኑ፣ ማለትም ውስጣቸው የተቆረጠ፣ አሉ። 47 የተጻፈበት 47 ካላለ ይውጣ። ድራይቨር ትራንዚስተሮቹንም ነቅላችሁ ለኩ። ብዙ ቦርድ ላይ በየቡድኑ አንድ ፒኤንፒ ትራንዚስተር አለ፤ ሥራው ጌቱን መዝጋት፣ ማለትም የሞላውን ቻርጅ ቶሎ ወደ ማሳ ማፍሰስ ነው። ይሄን ትንሽ ትራንዚስተር አትርሱት፤ እመለስበታለሁ።

ከትራንስፎርመሩ ማዶ ያለውንም ሳታዩ አትለፉ። ሬክቲፋየሮቹ ሞስፌት ይመስላሉ፤ ባለ ሦስት እግር ጥንድ ዳዮዶች ናቸው። አንደኛው ሾርት ሲሆን በጥቅሉ በኩል ሌላውም ሾርት ይመስላል፤ አንስታችሁ ለዩ። ስትተኩ ፈጣን ዳዮድ ተኩ። ለ50 ኸርዝ የተሠራ ተራ ዳዮድ በ30 ኪሎኸርዝ ለመዝጋት ጊዜ አያገኝም፤ ይግላል፣ ይሞታል፣ ሞስፌቱንም ይዞ ይሄዳል። የድምፅ ውፅዓት ትራንዚስተሮቹንም ከስፒከር ተርሚናል ወደ ሁለቱ መስመሮች ለኩ። ከሁለቱ ወደ አንዱ ሾርት ካለ ሰፕላዩን የገደለው የድምፁ ክፍል ነው።

ሦስተኛው ነጥብ። ሞስፌቶቹ የሉም፣ ቦርዱ ባዶ ነው። አሁን ኃይል እንሰጣለን። ይሄ በጣም ደስ የሚል ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም የሚፈነዳ ነገር የለም! 12 ቮልት፣ ጅረቱ 1 አምፔር ላይ የተገደበ። የሚገድብ ሰፕላይ የሌለው 21 ዋት የፍሬን አምፖል በተከታታይ ያስገባ፤ ሾርት ቢኖር አምፖሉ ይበራል እንጂ ከ2 አምፔር በታች ነው የሚያልፈው። ሪሞቱን ከፖዘቲቭ ጋር አገናኙ። በጤናማ ቦርድ ላይ አምፖሉ መብራት የለበትም።

አይሲው ላይ በዚህ ቅደም ተከተል ለኩ። ፒን 7 ማሳ ነው፤ ጥቁሩ ገመድ እዚያ ይቀመጥ። ፒን 12 ወደ 12 ቮልት የቀረበ መሆን አለበት። ከሌለ አይሲውን አትንኩ፤ ወደ ሪሞት መስመሩና እዚያ ላይ ወዳለው ማብሪያ ትራንዚስተር ሂዱ። ፒን 14 አምስት ቮልት፤ ፒን 12 ላይ እያለ ፒን 14 ከሌለ ወይ አይሲው ሞቷል ወይ አንድ ነገር 5 ቮልቱን ወደ ማሳ ይጎትተዋል። ፒን 5 የመጋዝ ጥርስ ሞገድ ነው፤ ኦሲሎስኮፕ ከ0 እስከ 3 ቮልት ያሳያችኋል፣ ቴስተር ደግሞ ወደ 1.5 ገደማ። ሞገዱ ከሌለ ፒን 5 ላይ ያለውን ካፓሲተርና ፒን 6 ላይ ያለውን ሬዚስተር እዩ። ፍጥነቱ 1.1 ለሬዚስተሩና ለካፓሲተሩ ብዜት ሲካፈል ነው። 10 ኪሎኦም እና 1 ናኖፋራድ ቢሆኑ 110 ኪሎኸርዝ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ቡድን በተራ ስለሚሠራ ግማሹን፣ 55 ኪሎኸርዙን ያያል።

ፒን 4 የፕሮቴክሽኑ በር ነው። ወደ 0 ከወረደ ሥራ ይጀመራል፤ 3 ቮልት ካለፈ አይሲው ዝም ይላል። ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ፒን 4 ላይ 4 ወይም 5 ቮልት ካያችሁ አይሲውን አትቀይሩ! አይሲው የታዘዘውን እየፈጸመ ነው። ያዘዘውን ፈልጉ፤ የሙቀት መለኪያው ነው? የጅረት መቆጣጠሪያው ነው? ስፒከር መስመር ላይ ዲሲ ያየው ክፍል ነው? ጤነኛ አይሲ እየነቀሉ መጣል በዚህ ሙያ የተለመደ ነው፤ ያሳዝነኛል።

በነገራችን ላይ፣ አይሲውን መቀየር ግድ ከሆነ ሶኬት አትግጠሙ። ሶኬት ጠረጴዛ ላይ ምቹ ነው፤ መኪና ግን ይንቀጠቀጣል፣ ሶኬት ይላላል፣ አንዱ ቡድን ተራውን ያጣል። በቀጥታ በይዱት።

አሁን ወደ ባዶዎቹ የጌት ቀዳዳዎች። በሁለቱም ቡድን አራት ማዕዘን ሞገድ መኖር አለበት፤ ከፍታው ከ10 ቮልት በላይ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው የወረደ፣ በመካከላቸው ሁለቱም የተዘጉበት ትንሽ ክፍተት። ኦሲሎስኮፕ የሌለው በቴስተሩ ዲሲ ይለካ፤ ከ4.5 እስከ 5.5 አካባቢ፣ ሁለቱም ወገን እኩል። አንዱ 5 ሌላው 0 ካለ፣ ወይም ሌላው 11 ላይ ከቆመ ድራይቩ ታሟል።

ግን ተጠንቀቁ። ባዶ ቀዳዳ ላይ የታመመ ድራይቭም ጤነኛ ይመስላል። ለምን? የሚሞላውና የሚያፈሰው ነገር የለማ! አይአርኤፍ3205 ጌቱ ላይ ወደ 3.2 ናኖፋራድ ይሸከማል። ስለዚህ 3.3 ናኖፋራድ ካፓሲተር ከጌት ወደ ሶርስ ቀዳዳ አስገቡና ሞገዱን እንደገና እዩ። መውጫው ቀጥ ብሎ፣ መውረጃው ግን እንደ ቁልቁለት ከተንሸራተተ ያቺ ፒኤንፒ ትራንዚስተር ናት። ቀስ ብሎ የሚዘጋ ሞስፌት ሳይዘጋ ሌላው ወገን ይከፈታል። ያኔ ባትሪው በትራንስፎርመሩ በኩል ቀጥታ ማሳ ላይ ነው። አዲሶቹ ሞስፌቶች በሴኮንዶች ውስጥ የሚሄዱት በዚች የሩዝ ፍሬ በምታህል ዕቃ ነው። ገዳዩን ሳትይዙ አትግጠሙ ያልኳችሁ ትዝ አላችሁ?

ስለ አስመሳይ ሞስፌት ትንሽ ልበል። አይአርኤፍ3205 ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ እሱ አይደለም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ጌቱን ከሶርሱ 10 ቮልት ስጡት፣ በድሬንና በሶርስ 5 አምፔር አሳልፉ፣ እግሮቹ ከሰውነቱ የሚወጡበት ላይ ሚሊቮልቱን ለኩ። እውነተኛው ከ8 ሚሊኦም አይበልጥም፤ ስለዚህ እስከ 40 ሚሊቮልት ገደማ። 100 እና 120 የሚያሳይ ከሆነ ውስጡ ሌላ ነው። ፈተናውን በአጭሩ አድርጉት፤ ከጋለ ንባቡ ይጨምራል።

እስቲ ይሄ ወንድማችን ያነሣውን ጥያቄ ልመልስ። አይአርኤፍዜድ44ኤንን በአይአርኤፍ3205 መተካት ይቻላል ወይ? ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ሁለቱም 55 ቮልት ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው ጌት 1.5 ናኖፋራድ ገደማ ነው፣ የሁለተኛው ከእጥፍ በላይ። ድራይቩ ያንን መሸከሙን በሞገዱ አረጋግጡ፤ ጫፎቹ ከተንሸራተቱ ወደ መጀመሪያው ዓይነት ተመለሱ። በአንድ ቦርድ ላይ ሁለቱን መቀላቀል ግን በፍጹም። ቶሎ የሚከፈተው የሌሎቹን ሸክም ብቻውን ያነሣል።

አራተኛው ነጥብ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ጋ የሚለቀም ነገር እንኳ አይተርፍም። ስምንቱን በአንዴ አትግጠሙ። ሬክቲፋየሮቹ ተነሥተው ሳሉ በየቡድኑ አንድ ሞስፌት ብቻ፣ ከሂትሲንኩ ጋር ታስሮ፣ ያው 21 ዋት አምፖል በተከታታይ። ሞስፌት ሂትሲንክ ላይ ሳይታሰር፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ አይበራም። የጀርባው ብረት ድሬን ነው ብለናልና ሚካው ወይም የጎማ ልባሱ ያልተቀደደ ይሁን፤ ከገጠማችሁ በኋላ ከድሬን ወደ ሂትሲንክ ለኩ፣ ኦፕን መሆን አለበት። ስታበሩ ጅረቱ ከ1 አምፔር በታች ይሁን። ድራይቩ ደህና ሆኖ አምፖሉ ከደመቀ ትራንስፎርመሩን ጠርጥሩ፤ ጥቅል ለጥቅል ሾርት ከሆነ ቶሎ ይግላል፣ የቫርኒሽ ሽታም አለው። ግን እምብዛም አይደርስም። ይልቅ የትራንስፎርመሩ እግሮች ብየዳ ነው የሚያስቸግረው፤ ብዙ ቀጭን ሽቦዎች ናቸው፣ የእያንዳንዳቸው ኢናሜል ተቃጥሎ ሊድ ካልያዘ ግማሹ ሽቦ ሥራ ፈት ነው።

ይሄ ካለፈ ሬክቲፋየሮቹን መልሱ፣ እንደገና አብሩ። አምፖሉ ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። ሁለቱን መስመሮች ለኩ፤ ፖዘቲቩ 48 ከሆነ ኔጌቲቩም እዚያው አካባቢ። አሁን ደመቅ ብሎ ከቀረ፣ ወይም ፕሮቴክሽን ከገባ፣ ችግሩ ከሬክቲፋየሩ ማዶ ነው፤ ሰፕላዩን ተዉትና ወደ ድምፁ ክፍል ሂዱ። ደህና ከሆነ የቀሩትን ስድስት ግጠሙ፣ በአምፖሉ ፋንታ 10 አምፔር ፊውዝ አድርጉ። ያለ ድምፅ አብርታችሁ አሥር ደቂቃ ተዉት።

ከዚያ 4 ኦም የጭነት ሬዚስተር ስፒከር ተርሚናል ላይ፣ የአምፑ ትክክለኛ ፊውዝ ቦታው ላይ፣ ድምፁን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጋችሁ የእያንዳንዱን ሞስፌት ሙቀት በኢንፍራሬድ መለኪያ እዩ። ስምንቱ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ከአራቱ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ደስ አይበላችሁ፤ እየሠራ አይደለም፣ ሦስቱ ሥራውን ይሠሩለታል። የጌቱን ሬዚስተርና ብየዳውን እዩ። አንድ ሙሉ ቡድን ከሌላው ከጋለ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ተመለሱ፤ ሁለቱ ሞገዶች እኩል አይደሉም።

መኪናው ውስጥ ሲታሰርም አንድ መለኪያ ቀርታችኋለች። ድምፁ ከፍ ብሎ እየተጫወተ ከአምፑ የማሳ ተርሚናል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ቮልቱን ለኩ። 60 አምፔር በሚያልፍበት መስመር ላይ 20 ሚሊኦም የላላ ማሳ 1.2 ቮልት ይበላል፤ እዚያች መገጣጠሚያ ላይ 72 ዋት ሙቀት ማለት ነው። ከግማሽ ቮልት በላይ ካያችሁ ቀለሙን ፍቃችሁ ማሳውን እንደገና እሰሩት።

ቦርዱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቴስተርም አለ። ሦስተኛዋን ጌት ራሳችሁ ለኩ።